የቅዳሜው ሚኒባስ

ታራቢን፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1997

ለእህቴ ለኖሪን፣

እንደምን ከረምሽ? ለመልሱ ይህን ያህል በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ። ለምን ብትይኝ፣ እንጃ። ውጪው ውርጭ ነው። ሻዬ አጠገቤ ቀዝቅዟል።

አዎ፣ ሚኒባሱ ዘንድሮም ይሄዳል። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ እሱን ነውና ከእሱ ልጀምር። ቅዳሜ በማለዳ ቤንዲጎ ከተማ ወርጄ ተጫዋች ልጆቹን ከየደጃቸው እለቅማለሁ፤ ተጫውተው እዚሁ ያድራሉ፤ እሑድ እመልሳቸዋለሁ። አንቺ እያለሽም እንዲሁ ነበር። የተለወጠው ቁጥሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እዚህ ማልያ የሚለብስ ወጣት በጣት የሚቆጠር ነው። በእኛ በአውስትራሊያው ኳስ ሜዳ የሚገባው አስራ ስምንት ሰው ነው፤ ግማሹን የማመጣው እኔ ነኝ። አንዱ ጋራዥ ይሠራል፣ አንዱ ሥጋ ቤት፣ የቀሩት ኮሌጅ ናቸው። ደጃቸው ድረስ ካልሄዱላቸው ይተኛሉ። ሮስ አምና አንድ ቅዳሜ «በራሳችሁ ኑ» ብሏቸው ነበር። አራት መጡ። አንደኛው ጫማውን ረስቶ።

ሮስ የክለቡን ሊቀመንበርነት የሚረከበው አጥቶ ዘንድሮም ይዞታል። ሊጉ ጽፎለታል፤ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ፎርፌ ከሰጠን ከውድድሩ እንወጣለን። እንወጣለን ማለት አበቃ ማለት ነው፤ የሚቀበለን ሌላ የለም።

ሌላ የሚነዳ ጠፋ ወይ ብለሻል። ትሬቨር ነበረ፤ በጎቹን ሸጦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዶ ይኖራል። አሮጌው ቢል ልቡን ታሞ ሐኪም ከልክሎታል። የቀሩት ለሚኒባስ የሚሆን መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ለማውጣትም ከማሳቸው ላይ ቀና አይሉም። እኔ ቀረሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ከአፋቸው በቀር ሌላው ሁሉ ሰነፍ ነው። «ሽማግሌው፣ ካንጋሩ ከገጨህ የወገቡ ሥጋ የእኛ ነው!» ይሉኛል። «እናንተን ብገጭ ይሻላል፤ ካንጋሩ ቢያንስ ይዘላል» አልኳቸው። ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ።

ቅዳሜ ተሸነፍን። በስንት እንደሆነ ጋዜጣው ይነግርሻል። ጥሩ ጩኸት ግን ነበረ፤ ኳሱ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። ኬልቪን ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ዋለ።

መነጽሩን በሚመለከት፦ ቀይሬዋለሁ።

ወንድምሽ ሄድሊ

--

ፐርዝ፣ ሜይ 9 ቀን 1997

ውድ ሄድሊ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴ እንደ ጉልበቴ ነው። ልጄ ሮንዳ እንደ እናት ትይዘኛለች፤ እናት ልጇን ስትይዝ ማለቴ ነው፤ ወንበር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

እዚያ የምትደግፊው ክለብ አገኘሽ ወይ ብለህ ቀደም ሲል ጠይቀኸኝ ነበር። ሮንዳ አንድ እሑድ ወደ ትልቁ ስታዲየም ወሰደችኝ። ቁጥር ያለው ወንበር ሰጡኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እማማ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለኝ። «የታራቢን» አልኩት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ፤ በክፋት አይደለም። ጎል ገባ። ሁሉም ተነሣ። የኔ እጅ ብቻውን መሪ ፈለገ። እዚያ ታራቢን መኪናችንን አጥሩ ድረስ አስጠግተን፣ ጎል ሲገባ ክላክስ የምንነፋው ነገር ለካ እጄ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እጄን ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። በፖስታ የሚመጣልኝ የእናንተ ጋዜጣ ኬልቪን አልተጫወተም ይላል። ትከሻው ተሰብሮ አጥሩ ጋ ቆሞ ነው ያየው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቅ አለ፤ ጩኸት አለ፤ የኳሱ ድምፅ አለ። የሚታይ ነገር የለም። ማን ምን ለበሰ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ከማን ጋር ተጋጨ፣ የለም። አንተ ድሮ የሰው ካልሲ ሳይቀር ትጽፍልኝ ነበር።

መስመርህም ወደ ቀኝ ሲሄድ ይወድቃል። የእናታችንም እንዲሁ ነው የጀመረው።

ሐኪም ዘንድ ሄድክ? አልሄድክም እንጂ። ሄደህ ከሆነ ምን አለህ?

እህትህ ኖሪን

--

ታራቢን፣ ጁን 2 ቀን 1997

ለኖሪን፣

በኋላ በፖስት ካርድሽ የጠየቅሽኝን የክላክሱን ነገር ከማን ሰማሽ? ግሌኒስ ናት። እሷ፣ የሮስ ሚስት፣ ካልሆነች ነፋስ ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ነፋሱ ይዘገያል።

እሺ። ይኸው እኔ ልንገርሽ።

ከጊልዋራ ጋር ነበር፣ በሜዳችን። መኪናዬን እንደ ወትሮው አጥሩ ላይ፣ ከጎሉ ቋሚዎች አጠገብ አቁሜያለሁ። ኳሱ መጣ። ሰው ጮኸ። ነጭ ካፖርት የለበሰው የጎል ዳኛ ባንዲራዎቹን አነሣ፤ ነጭ ነገር ሲወዛወዝ አየሁ። ነፋሁ። ረዘም አድርጌ ነፋሁ። ከዚያ ብቻዬን እንደሆንኩ ሰማሁ። በሜዳው ዙሪያ ያለ መኪና ሁሉ ዝም ብሏል። ጎሉ የጊልዋራ ነበር።

የጨዋታው ሩብ ሲያልቅ ቡድኖቹ ጎል መቀያየራቸውን ረስቼ አይደለም። ማልያውን መለየት አቅቶኝ ነው።

«ሄድሊ! ጊልዋራ ምን ሰጥቶህ ነው?» አለ አንዱ። «ተዉት፣ ሙሽራ ያለፈ መስሎት ነው!» አለ ሌላው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከካንቲኑ የሥጋ ፓይ ልገዛ ስሄድ ግሌኒስ «ለጊልዋራ ደጋፊ ዋጋው እጥፍ ነው» አለችኝ። ሮስ ብቻ አልሳቀም። የካንቲኑን መዝጊያ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየ አልነግርሽም፣ አላየሁትማ።

መሃሉ ጠፍቷል፣ ኖሪን። ሐኪሙ የእናታችሁ በሽታ ነው አለ፤ የሚደረግለት ነገር የለም አለ። ሰው ሳይ ጆሮውን አያለሁ፤ ፊቱ ያለበት ቦታ ጭጋግ ነው። የመንገዱን ጠርዝ አያለሁ፤ መንገዱን አላየውም። ጠርዙ ይበቃኛል። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቀስ እላለሁ። ዳሪል፣ ሥጋ ቤት የሚሠራው ልጅ፣ ከፊት ይቀመጣል፤ ወሬ ይወዳል፤ የእሱ ወሬ ያነቃኛል።

ለምን አትተወውም ትይኛለሽ፤ ገና ሳትጽፊው ሰማሁት። ባንኩ ሲዘጋ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ዘጉት። ባቡሩን ስሙን የማላውቀው ሰው አስቆመው። ትምህርት ቤቱንም እንደዚያው። ሁሉንም የዘጋው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ስብሰባ ተቀምጠን ኩኪስ በላን። ይህችን ግን እኔ እንድዘጋት ነው የምትፈልጊው። በገዛ እጄ። «ከዛሬ ጀምሮ አልነዳም» ብዬ።

እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው። ውድድሩ እስኪያልቅ። ከዚያ ቁልፉን ራሴ እሰጣለሁ፣ የመጪውን ዓመት ሹፌር በጋውን ሙሉ ይፈልጉታል።

ለማንም አትንገሪ። ይህን ብቻ ነው የምጠይቅሽ።

ሄድሊ

--

ፐርዝ፣ ጁን 14 ቀን 1997

ሄድሊ፣

ቃል አልገባልህም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ትንፋሼ ይመለስ።

እናታችን መኪናዋን የዶሮ ቤቱ ላይ የነዳችው ቀን ትዝ ይልሃል? ሳቅን። አባታችን ላባ ከኮቱ ላይ እያራገፈ «ለእራት ማን ይመርጥ?» አለ። ሳቅን፤ ውስጡ የነበረው ዶሮ ነዋ።

አንተ የጫንከው የሰው ልጅ ነው። እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ። አንዷን እኔ ነኝ ሆስፒታል የወሰድኳት፣ ዳሪልን ስትወልድ፤ መኪና ውስጥ ልትወልደው ነበር። ክለቡ የምትለው ምንድን ነው? አጥሩ ነው? ቋሚዎቹ ናቸው? ክለቡ እኮ እነሱ ናቸው፣ እዚያ ከኋላህ ተደራርበው የሚያንኮራፉት።

ደግሞ የማይገባኝ አይምሰልህ። ያን ሁሉ ማልያ ሳጥብ፣ ሳሰጣ፣ ቁጥሩን ስሰፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሰው ከየት ነሽ ሲለኝ የምጠራው ሌላ ነገር የለኝም። ከተማው እንደሆነ ከካርታው ላይም ተንኗል። በትልቁ የእሑድ ጋዜጣ ውስጥ፣ ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ታራቢን የሚል ስም የሚወጣው በሽንፈት ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። እሱን እፈልጋለሁ። በየሳምንቱ በጣቴ እየተከተልኩ እፈልገዋለሁ።

ትናንት ስልኩን አንስቼ የሮስን ቁጥር ጀመርኩ። ሳልጨርሰው አስቀመጥኩት። ምን ልለው? ወንድሜ አያይም ልል? ወይስ ክለባችሁን ዝጉ ልል? ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

አንተው ንገረው። ልለምንህ። ከአንተ አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ኖሪን

--

ታራቢን፣ ጁላይ 7 ቀን 1997

ለኖሪን፣

ሚኒባሱ ምን ሆነ ላልሽኝ፣ የጎን መስታወቱ ነው የተሰበረው፣ የግራው... አይ፣ የቀኙ። ሌላ ምንም አልሆነም። ይህን ያህል ፈጥኖ የደረሰሽ በማን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ከፊት የመጣ የእህል መኪና ነበር። ሰፊ ነበር። አለፈ።

ከኋላ የተኙት ሁሉ ቀና አሉ። ከዚያ ዳሪል በወሬ ድምፁ፣ ስለ ሥጋ ቤቱ አለቃ ሲያወራ በነበረበት በዚያው ድምፅ፣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ሄድሊ» አለኝ። ወደ ግራ፣ ወደ መንገዳችን ጠርዝ አልኩ። «እንደዚያ ያዘው። አሁን ድልድዩ መጣ። ቀጥ በል። ጥሩ ነው።» ድልድዩን ተሻገርን። ከኋላ አንድ ልጅ «በጎች በቀኝ በኩል» አለ። ሌላው «አጥር ውስጥ ናቸው፣ ሂድ» አለ። እንዲህ እየተቀባበሉ ሜዳው ድረስ አደረሱኝ።

ያውቃሉ፣ ኖሪን። ያን ቀን አይደለም ያወቁት። ዳሪል ከፊት የሚቀመጠው ወሬ ስለሚወድ መስሎኝ ነበር። ለካ መድበውት ነው። ማን እንደመደበው አላውቅም። ካወቁ ለምን ተሳፈሩ ብዬ ሳስብ ሌሊቱ ነጋ፤ ከዚያ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ለምን እንደተሳፈሩ ማወቄ ነው። እኔ በምነዳበት በዚያው ምክንያት ነው፤ ክለቡ እንዳይዘጋ።

አሸነፍን። ዘንድሮ የመጀመሪያው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቃቅፈው መዝሙራችንን ሲዘፍኑ ጎትተው መሃል አስገቡኝ። ላብና ጭቃ ሸተተኝ። ፊት የለም፤ ዙሪያዬን ጆሮና ትከሻ ብቻ። ዘፈንኩ።

የቀረው ጥቂት ቅዳሜ ነው። አንዱን ወር በልተነዋል።

ስለ ሮስ ጠይቀሽኛል። አልነገርኩትም።

ሄድሊ

--

ፐርዝ፣ ጁላይ 15 ቀን 1997

ሄድሊ፣

ለሮስ ደወልኩለት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው እኔው ልጻፍልህ። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህ ይቅር ልትለኝ ትሞክራለህ፣ እሱን አልችለውም።

ያንተን ደብዳቤ አንብቤ ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት። «እየተቀባበሉ አደረሱኝ» የሚለው ላይ ስደርስ። አንተ እንደ ደግነት ጽፈኸዋል። ለእኔ ሬሳ ሲሸከሙ ታየኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ከበስተኋላው ውሻ ሲጮህ ሰማሁ። «ኖሪን፣ ይህን ስትነግሪኝ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ገብቶሻል?» አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «እኔም አውቅ ነበር» አለኝ። ክላክሱን የነፋህ ቀን አውቋል። «ማወቁን እችለው ነበር፤ አሁን ግን ተነግሮኛል። ተነግሮኝ እንዳልተነገረኝ መሆን አልችልም።»

ልጆቹ ያውቃሉ። ሮስ ያውቃል። አንተ ታውቃለህ። እኔ አውቃለሁ። የተናገርኩት እኔ ብቻ ሆንኩ፣ ከሁሉም ርቄ የተቀመጥኩት። እዚያ ብኖር ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር ይሆን? አጥሩ ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ቴርሞሴን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሣ ሲመጣ «ተመስገን፣ ሞልተናል» እል ነበር ይሆን? እል ነበር። ይህን ነው መሸሽ ያቃተኝ።

ሮስ ከቅዳሜ በፊት ይመጣል ቁልፉን ሊወስድ። አትጨቃጨቀው።

ኖሪን

--

ፐርዝ፣ ኦገስት 20 ቀን 1997

ሄድሊ፣

አትመልስልኝም። ካለፈው ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ስልክህም ይጠራል እንጂ የሚያነሣው የለም። ከግቢው ወጥተህ ነው እላለሁ። ከዚያ የት ይሄዳል እላለሁ።

ጋዜጣው ይመጣል። ሮስ በራሱ መኪና ሄዶ አራት ልጅ ጭኖ እንደመጣ አነበብኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎርፌ። ከዚያ እንደገና ፎርፌ። ባለፈው ሳምንት በእሑዱ ጋዜጣ ከታች ያለውን ጥቃቅን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ስሙን ዘልዬው መስሎኝ ከላይ ጀመርኩ። ሮንዳ «እማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ልጆቹ በሕይወት አሉ። ይህን ለራሴ በየጠዋቱ እነግረዋለሁ። ምንም ያልሆነ ሰው ምንም እንዳልሆነ አይታይም፤ ጋዜጣም አይጽፈውም። ያጠፋሁት ነገር ግን ይታያል፤ ባዶ ቦታው ይታያል።

ተናደድክብኝ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ሌላም አልጠይቅህም። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ። ደህና ነህ ወይ? ቅዳሜን በምን ትውላለህ?

እህትህ ኖሪን

--

ታራቢን፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1997

ለኖሪን፣

ይህን የምትጽፍልሽ ግሌኒስ ናት። የምናገረው ሄድሊ ነኝ። የእሷ ጽሕፈት ከእኔ ይሻላል።

ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። በማጉያውም ማንበብ ስላቃተኝ ሳልከፍት መደርደሪያው ላይ ደርድሬያቸው ነበር። የሚያነብልኝ ሰው መጥራት አልፈለግሁም፤ በመካከላችን ያለውን ነገር ሌላ ሰው በአፉ እንዲያደርገው አልፈለግሁም። ሮስ ቁልፉን ሲወስድ ማን እንደነገረው አላለኝም። አልጠየቅሁትም። ዳሪል መስሎኝ ነበር። ልጁን እስከ ትናንት ድረስ በልቤ ስረግመው ከረምኩ።

ትናንት ግሌኒስ ሾርባ ይዛ መጣች፤ ፖስታዎቹን አየች፤ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች። ሁሉንም በተራ አነበበችልኝ። ሮስ «እኔም አውቅ ነበር» ያለው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ተነሥታ ውሃ ጠጣች። ተመልሳ ቀጠለች። ዛሬ ደግሞ ይህን ልትጽፍልኝ መጥታለች፤ ስለዚያ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም። እያጻፍኳት ነው እንግዲህ። ጻፊው፣ ግሌኒስ፣ ምንም አይደል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ደህና ነኝ። እበላለሁ። ቤቱን በእጄ አውቀዋለሁ።

ክለቡን በሚመለከት፦ ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ነበር። ሮስ የሊጉን ውሳኔ አነበበ። የሚቃወም አለ ወይ አለ። የሚቃወም አልነበረም፤ የሚቃወሙት ነገር ስላልነበረ። ማልያዎቹን ማንም የፈለገውን ይውሰድ ተባለ። ተጋፍተው ይወስዱታል ብዬ ነበር። ብዙዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ሜዳውን ለበግ ግጦሽ ሊያከራዩት ነው፤ ሣሩ ጥሩ ነው፣ ውሃ እናጠጣው ስለነበረ።

ልጆቹ፣ ሦስቱ ለጊልዋራ ፈርመዋል። ዳሪልም ከሦስቱ አንዱ ነው። የጊልዋራ ሚኒባስ አዲስ ነው ይላሉ። መልካም ዕድል ብሏቸዋል ብለሽ ጻፊ፣ ግሌኒስ። አይ፣ ብያቸዋለሁ ብለሽ ጻፊ።

ቅዳሜ ምንም አልሠራም። ሬዲዮ አለ። የትልልቆቹን ክለቦች ጨዋታ ያስተላልፋል። ብዙ ሰው ይጮሃል።

አንቺ ትክክል ነሽ ወይም አይደለሽም አልልሽም። ብቻዬን በሆንኩ ሰዓት የማስበው ነገር አለኝ፤ ግሌኒስ ግን የምለውን ሁሉ ትጽፋለች፣ ስለዚህ የማልለው ይበዛል። አንቺም ከእንግዲህ ስትጽፊ የምታነበው እሷ መሆኗን አስቢ። ሮስም ቤት ስትገባ ይጠይቃታል። ቀድሞ እንደምንጻጻፈው አይሆንም።

መጻፍሽን ግን አትተይ። ስለ ሮንዳ ልጆች ጻፊ። ዝናብ እዚያ ዘንቦ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እሱን ማንም ቢያነበው ምንም አይደል።

ወንድምሽ
ሄድሊ